የኋላ ግራ እግር

አባቴ ቡፌ ነበረው። እቤታችን አይደለም። እቤታችን የነበረው ከሱቅ የተገዛ፣ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ የሚያብጥ የችፑድ ቁም ሣጥን ነው። ዕድሜ ልኩን ለካርቱም ሰው አልጋና በር ሲሠራ የኖረ አናጢ፣ እቤቱ የእጁ ሥራ የሆነ አንድ በርጩማ እንኳ አልነበረውም፤ የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። የአባቴ ቡፌ ያለው ኦምዱርማን፣ አንድ ሽማግሌ ዳኛ ቤት ነበር። ከላይ ትልቅ መስታወት፣ በመስታወቱ ዙሪያ ከነቅጠሉ የተቀረጸ የወይን ዘለላ፣ ከታች ግራና ቀኝ በር፣ መሐል መሳቢያዎች፣ ከዚያ ደግሞ ዙሪያቸውን ሽንትር የወረደባቸው ድቡልቡል እግሮች። ይህን ሁሉ ሳላየው አውቀው ነበር። ሌላው ልጅ ተረት እየተነገረው ሲያድግ እኔ ቡፌ እየተነገረኝ አደግሁ።

«በነዚህ እጆቼ» ይላል አባቴ፣ ሁለቱንም ዘርግቶ።

እናቴ በሕይወት ሳለች «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለች ትተርበው ነበር። እሱ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም። በሌላው ሁሉ ይስቃል፤ ቡፌው ሲነሣ ፊቱ እንደ ቅዳሴ ሰዓት ይሆናል። ከጎንደር በእግሩ የወጣ፣ ግማሽ ዕድሜውን ያለ ወረቀት የኖረ፣ ስሙን በትክክል የሚጠራለት ደንበኛ ያላገኘ ሰው ነው። «ያ ሐበሺ» ብለው ይጠሩታል፣ አቤት ይላል። ቡፌውን ብንወስድበት ምን ይቀረዋል ብዬ እኔም አልከራከረውም ነበር።

ደቡብ ሱዳን ከተገነጠለች በኋላ፣ ኑሮው እሳት በሆነባቸው ዓመታት፣ ስኳር ያዘው። መጀመሪያ ዓይኑን ወሰደበት፣ ቀጥሎ የጣቶቹን ጫፍ። ዓይኑ እንኳ ብርሃንና ጥላ ይለይ ነበር፤ ጣቶቹ ግን ለስላሳውን ከሻካራው መለየት አቆሙ። ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር በተከራየናት ክፍል አልጋው ላይ ተቀምጦ ብርድ ልብሱን ይዳብሳል፣ የሚዳብሰው ምን እንደሆነ ግን አይሰማውም። አናጢ ሲደነዝዝ ከማየት የከፋ ነገር ካለ እኔ አላየሁም። በዚያ ወቅት ነው የመጨረሻ ልመናውን የነገረኝ።

«ከመሞቴ በፊት በእጄ ከሠራሁት አንድ ነገር እፈልጋለሁ» አለ። «አንድ ብቻ። አጠገቡ ቁጭ ልበልና ልሂድ።»

ቀላል መስሎኝ ነበር። ዓርብ ዓርብ፣ ሥራ በማልገባበት ቀን፣ እሱ በነገረኝ ምልክት እየሄድኩ የሰው በር አንኳኳለሁ። አርካዊት ሰፈር የሠራው የሙሽራ አልጋ ጣራ ላይ ተጥሎ ፀሐይ ሰንጥቆታል። በሮቹን በብረት በር ለውጠዋቸዋል። አንዱ ቁም ሣጥን የዶሮ ቤት ሆኗል፤ እሱንም ቢሆን ላመጣለት ቆርጬ ነበር፣ ግን ምስጥ ከውስጥ ጨርሶት ኖሮ ስነካው ተናደ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። «ያ ሐበሻ? አዎ፣ ጎበዝ ነበር» ይሉኛል፤ ከዚያ የገዙትን አዲሱን የቻይና ዕቃ ያሳዩኛል። ተመልሼ «ቤት የሉም አባዬ» እለዋለሁ። ሞኝ አይደለም፣ ገብቶታል። በመጨረሻ «ቡፌው ግን አይጠፋም» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የዳኛውን ቤት ፈልጌ አላገኘሁትም። አባቴ የሚያስታውሰው አንድ ትልቅ የኒም ዛፍና አንድ ሰማያዊ በር ነው፤ ኦምዱርማን ውስጥ ኒምና ሰማያዊ በር የሌለው መንገድ ደግሞ የለም።

የምሠራው እዚያው ኦምዱርማን፣ ከገበያው ጀርባ፣ የድሮ የእንግሊዝ ዕቃ እየገዛ የሚሸጥ ሱዳናዊ ዘንድ ነበር። እኔ የወንበሩንና የሶፋውን ልብስ እሰፋለሁ። ሙዓሊም እንለዋለን፤ እዚያ አገር የሙያ አለቃ ሁሉ ሙዓሊም ነው። እንግሊዞች አገሩን ሲገዙ ሹማምንቶቻቸው የአያቶቻቸውን ዕቃ በመርከብና በባቡር ጭነው አምጥተዋል፣ ሲወጡ ጥለውታል። የቪክቶሪያ ዘመን የሚሉት ዕቃ ነው፤ ከባድ፣ ጥቁር፣ የማይነቃነቅ፣ በዚያ ሙቀት ሲያዩት የሚያልብ። ሙዓሊሙ ግን ይወደዋል። እኔንም ዝም ብዬ ስሰማው ጊዜ አስተማረኝ።

«የዕቃን ፊት አትመልከቺ፣ ያ ቢቲ፣ አንቺ ልጅ» ይለኛል። «ፊት ለእንግዳ ነው። ጀርባውንና ሆዱን ተመልከቺ። እዚያ ማንም ለመዋሸት አይደክምም።»

ክብ ጠረጴዛ በእውነት አሮጌ ከሆነ ክብ አይደለም፤ እንጨት ሲደርቅ በጎኑ ስለሚኮማተር ሲለኩት አንዱ ወገን ያጥራል። የመሳቢያው ማዕዘን፣ ሁለቱ ሳንቃ ጣት በጣት የሚቆላለፍበት ጥርስ፣ አንዱ ሰፊ ሌላው ጠባብ ከሆነ በእጅ የተቆረጠ ነው፤ ሁሉም እኩል ከሆነ ማሽን ገብቶበታል፣ ዘመኑም ወዲህ ቀርቧል። እንደ ቤተ ክርስቲያን መስኮት የሾለ ቅስት ያለው ወንበር የአንድ ጊዜ ፋሽን ነው፤ ፍራፍሬና ቅጠል የተንዠረገገበት የመሐሉ ዘመን ነው፤ ቀጭን መስመር ብቻ ያለው የመጨረሻው። የሠሪው ስም ከተገኘ የሚገኘው የመሳቢያው ሳንቃ የላይኛው ጠርዝ ላይ ነው፣ በብረት ማኅተም ተመትቶ። ስም ያለው ዕቃ ሲያገኝ ሙዓሊሙ ቀኑን ሙሉ ያንጎራጉራል።

አንድ ቀን ጠዋት ስልክ ተደውሎለት «ያላ፣ አንድ ቤት አብረን እንሂድ፤ ወንበሮቹን አንቺ ታያለሽ» አለኝ። አባቷ የሞተባት ሴት ናት የደወለችው፤ ወራሾቹ ቤቱን ሊሸጡት ነው። በሩ ሰማያዊ ነበር። ለሰማያዊ በር መደንገጥ ከተውኩ ቆይቼ ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። ግቢው ውስጥ ግን የተቆረጠ የትልቅ ኒም ጉቶ አየሁ። ሳሎን ስገባ ደግሞ የወይኑ ዘለላ ከነቅጠሉ ፊት ለፊቴ ቆሟል።

አንድም የጎደለ ነገር አልነበረም፤ መስታወቱ፣ ሁለቱ በር፣ እግሮቹ፣ አባቴ በጣቱ አየር ላይ የሚስለው የቅጠሉ ጫፍ እንኳ ሳይቀር። ያን ያህል ዓመት እናቴ ስትስቅበት፣ እኔም በሆዴ ስጠራጠረው፣ ቡፌው እዚያ ነበረ። አልቅሼ ነው መሰለኝ ሙዓሊሙ «ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ይህን የሠራው አባቴ ነው» አልኩት።

አየኝ። ደግ ሰው ነው፣ አልሳቀም። «ኢንሻአላህ» አለ፤ «ነይ እንይ።» መሳቢያውን ስቦ አወጣና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞት ሄደ። አውራ ጣቱን በላይኛው ጠርዝ አስኬደ፣ በእጅጌው አቧራውን ጠረገ፣ ከዚያ አስጠጋልኝ። የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የሰው ስም፣ ከሥሩም የከተማ ስም፣ እንጨቱ ውስጥ ጠልቆ የገባ። የመሳቢያው ጎን ኦክ የሚሉት የፈረንጅ እንጨት ነው፣ ካርቱም ውስጥ ያልበቀለ፣ አባቴ በሕልሙም ያላየው። ጥርሶቹ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ናቸው። አያቴ ራሱ ሳይወለድ የተቆረጡ ጥርሶች ናቸው። የተማርኩትን ሁሉ ጠላሁት። ባላውቅ ኖሮ ያ ጽሑፍ የማንም ዝባዝንኬ ይሆንልኝ ነበር፤ አሁን ግን ራሴ አነበብኩት፣ ራሴ አመንኩት።

«ማዓሌሽ፣ አይዞሽ» አለ ሙዓሊሙ ቀስ ብሎ።

ያን ጊዜ የደወለችው የቤቱ ልጅ ከውስጥ መጣች፤ ዕድሜዋ ከኔ የሚበልጥ፣ ቶብ የለበሰች ሴት። የምንባባለውን ሰምታ ኖሮ «ሐበሻው አባትሽ ነው?» አለችኝ። ልጅ ሆና አይታዋለች። ምስጥ የቡፌውን አንድ እግር በልቶት አባቷ አናጢ አስጠራ። ያ ሐበሻ ኸሪፉን ሙሉ፣ ዝናቡ እስኪያልቅ፣ ኒሙ ሥር ተቀምጦ አንድ እግር ሠራ። መብራት አልነበረምና ቶርኖ የሚባል ነገር የለም፤ ድቡልቡሉን በቢላዋ አወጣው፣ ሽንትሩን በመሮ አወረደው፣ በተሰበረ ጠርሙስ ፍቆ አለሰለሰው። ምሳውን የምታደርስለት እሷ ነበረች።

«አባቴ በጣም ነበር የኮራበት» አለች። «እንግዳ በመጣ ቁጥር ያጫውታቸው ነበር። ‹ይህ የሐበሻው ቡፌ ነው፤ በሉ የሐበሻውን እግር አግኙ› ይላል። ማንም አግኝቶት አያውቅም። እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ የትኛው እንደሆነ።»

የሐበሻው ቡፌ። እንዲህ ነበር ለካ። ዳኛው በእንግዳ ፊት ያሉትን አባቴ ሰማ፣ ይዞት ወደ ቤት መጣ፣ ዓመት ከዓመት ነገሩን ከእግሩ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስታወቱ እያሳደገ ሙሉ ቡፌ አደረገው። ውሸታም አልነበረም አባቴ። ተሞግሶ ስለማያውቅ አንዲቱን ሙገሳ ሲያበዛት ኖረ እንጂ። ለሙሉው ቡፌ ካለቀስኩት ይልቅ ለአንዱ እግር ያለቀስኩት በለጠ።

ሙዓሊሙ ተንበርክኮ እግሮቹን በጥፍሩ እያንኳኳ ዞረ። ቆየ። ተመልሶ ዞረ። «የኋላ ግራ» አለ በመጨረሻ። «ድምፁ ድፍን ነው። ማሆጋኒ አይደለም፤ ሱንት ነው፣ የአባይ ዳር ግራር።» ከዚያ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና «ወላሂ፣ ባይነግሩኝ አላገኘውም ነበር» አለ። የኋላ ግራ እግር ግድግዳው ጥግ ውስጥ የገባው ነው፤ ሰው ቢያጎነብስ እንኳ የማያየው። አባቴ ግን ሽንትሩን ዙሪያውን አውርዶታል፣ ግድግዳውን የሚያየውንም ወገን።

ቡፌው ወደ ሱቁ መጣ። ገዢ ወዲያው ተገኘ፤ ከውጭ አገር የመጣ፣ ከካርቱም ሊለቅ የተቃረበ ሰው። እሱም ተንበርክኮ ሆዱንና እግሩን የሚያይ ዓይነት ኖሮ ሙዓሊሙ ስለ እግሩ እውነቱን ነገረው። ሰውየው ፊቱን አጨማደደ። «የአንድ እናት ልጅ የሆነ፣ ሌላ እንጨት ያልገባበት ዕቃ ነው የምፈልገው» አለ። ሙዓሊሙም አንድ የተሰበረ የማሆጋኒ ጠረጴዛ ነበረው፤ ከዚያ ላይ ቆርጦ ለቶርኖ ቤት ሰጠና በአንድ ቀን እግር ወጣለት፣ በሻይ ውሃና በጥቁር ቀለም አስረጁት። ከአባቴ እግር በብዙ ዓመት የሚያንሰው እግር፣ ዕቃው አሮጌ እንዲመስል የአባቴን ቦታ ሊወስድ ነው። ገዢው ደስ አለው። በዚህ ዓለም ላይ የሚደረገው ሁሉ ሲታሰበኝ እንዲህ ነው፤ ያን ቀን ግን ለማን አቤት እንደምል አጣሁ።

የአባቴን እግር ሲነቅሉት አጠገባቸው ቆምኩ። አንድ ልማዱን አውቅ ነበር። እንጨት ከእንጨት ሊያገጣጥም ሲል «በስመ አብ» ይልና ሌላው ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ በእርሳስ ትንሽ መስቀል ያደርጋል። ደንበኞቹ እስላም ናቸው፣ ሳይከፋቸው፣ ሳያዩትም፣ ሥራው ተባርኮ ይዘጋል። ለዚህ ነው ሥራውን ከፈረሰ በኋላ ካልሆነ ለይቶ ማወቅ የማይቻለው። እግሩ ከሣጥኑ ሲወጣ፣ ኮላው በደረቀበት ጫፍ ላይ፣ መስቀሉ ነበረ። እርሳሱ ትናንት የተጻፈ ይመስላል።

«ኸላስ፣ ላንቺ ይሁን» አለኝ ሙዓሊሙ። በተረፈ የሶፋ ጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ወጣሁ። አባቴን ወደ ቡፌው ባመጣው እያልኩ አስቤ ነበር፤ ገዢው ግን ጊዜ አልሰጠም፣ መኪና አምጥቶ ጫነው። ደግሞም አጽናንቼ ነበር ራሴን። እሱ የለመነኝ በእጁ የሠራውን ነው። ቡፌው የእጁ አይደለም፣ እግሩ ግን ሙሉ በሙሉ የእጁ ነው። ሃፍላው፣ የከተማው አውቶቡስ፣ ድልድዩን ሲሻገር ጥቅሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ብዙ ዘመን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

አልጋው ላይ ደገፍ አድርጌ አስቀመጥኩትና እግሩን ሁለት መዳፉ ላይ አኖርኩለት። «ሥራህን አመጣሁልህ አባዬ» አልኩት።

መዘነው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። በመዳፉ፣ ጣቶቹ ስለማይሰሙት በእጁ አንጓ ጭምር፣ ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ፊቱ ላይ የድሮው አናጢ ሲመጣ አየሁ።

«ማሆጋኒ ነው» አለ። «የእንግሊዝ ነው። ከየት አመጣሽው?»

«ያንተ ነው አባዬ። ኦምዱርማን፣ ዳኛው ቤት፣ ኒሙ ሥር የሠራኸው።»

«እኔ የሠራሁት ቡፌ ነው» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ። ከዚያ ለዘብ አለ፣ ዳግመኛ ዳበሰው። «ይኼ ቶርኖ ላይ የወጣ ነው፣ ልጄ። እጅ እንዲህ አድርጎ አያከብበውም። አዪ፣ ሙያ። እንዲህ ያለ እጅ ቢኖረኝ ኖሮ የት በደረስኩ።»

ጣቱን ይዤ ጫፉ ላይ አሳረፍኩት። «መስቀል አለበት» አልኩት። «በእርሳስ። ያንተ መስቀል ነው።»

እርሳስ ደግሞ ለደህና ጣትም አይሰማም። ትንሽ አሰበና «እንግሊዝም ክርስቲያን አይደለም እንዴ» አለኝ።

ቡፌውን እንዳልሠራው ነግሬ እግሩን ላሳምነው? ለአንድ እግር ብዬ አንድ ሙሉ ቡፌ ልውሰድበት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት። እሱ ግን አልተወውም። ከሻ ነበር በዚያ ሰሞን፤ ፖሊስ የሐበሻ ሰፈር እየዞረ ወረቀት የሌለውን ያፍሳል። «ሰምተሻል? ይኼ የትልቅ ሰው ዕቃ ነው» አለኝ። «ቤት ቢፈተሽ ከየት አመጣችሁት ይላሉ። እዚህ አገር ስኖር ብዙ ነገር ተብያለሁ፣ ሌባ ግን ተብዬ አላውቅም። ነገ መልሺ።»

«እመልሳለሁ አባዬ።»

በማግስቱ ወስጄ ሱቅ፣ ከስፌት መኪናዬ ሥር አስቀመጥኩት። ስመለስ ገና ከበሩ «መለስሽ?» አለኝ። መለስኩ አልኩት። ከዚያ ወዲያ በየዕለቱ ይጠይቀኝ ነበር፤ መለስሽ፣ መለስኩ። ቀጥሎ ስለ ቡፌው ይጠይቀኛል፤ ዳኛው ቤት አለ ወይ፣ አለ፤ መቼ ትወስጂኛለሽ፣ ሲሻልህ። እየዋሸሁት መሆኑን አላሰብኩም፤ የሚያሳዝነኝ እውነቱን ይዤለት መጥቼ እሱ ራሱ መልሺው ማለቱ ነው። ማንም ያላገኘውን የሐበሻውን እግር ሐበሻውም አላገኘው።

አልተሻለውም። በሙቀቱ ወራት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ አረፈ። ጎረቤቶች ናቸው የገነዙት። የሬሳ ሣጥኑን ያመጡት ሰዎች የሠሩት ከችፑድ ነው፤ ጠርዙ ላይ ያለው ልጣፍ ገና ከአሁኑ ተነሥቷል። ተንበርክኬ አየሁት፣ የሙያ ልማድ ሆኖብኝ። ምስማሩ ጠማማ ነበር። አባቴ ቢያይ ኖሮ አፍርሶ እንደገና ይሠራው ነበር።

የቡፌውን እግር ከሱቅ አምጥቼ ከነጠላዬ ሥር ይዤው ነበር። አጠገቡ ላኖረው። ከሠራው አንዱ አጠገቡ ይሁን ነበር ያለኝ። ካህኑ ጸሎታቸውን ጨርሰው ፈቀቅ አሉ፣ ሰዎቹ ክዳኑን አነሡ፣ እኔ ቀረብኩና እጄን ወደ ሣጥኑ ዘረጋሁ። ያኔ «መልሺ» ያለኝ መጣብኝ። ሌባ ሳልባል ኖሬያለሁ ያለኝ መጣብኝ። እሱ እንደሚያውቀው ይህ የራሱ ሥራ አይደለም፣ የእንግሊዝ ነው፣ የሰው ዕቃ ነው። የሰው ዕቃ አስታቅፌ ልሰደው?

እጄን ከነእግሩ ወደ ነጠላዬ መለስኩ። ክዳኑን በምስማር መቱት።